የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ድምፅ ምን ይናገራል?



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወይም የጣናን ዳር ተከትሎ ወደ ዘጌ የሚጓዝ ባለ ሞተር ብስክሌት፣ ከአሮጌ ሞተሩ እንግዳ ድምፅ በሰማ ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ይፈታተኑታል። አንደኛው ድምፁን እንዳልሰማ ሆኖ መንዳት ነው፤ ሁለተኛው ጋራዥ እንደ ደረሰ ሞተሩን ማስፈታት ነው። የፊተኛው ሕይወትን ያሰጋል፤ የኋለኛው ገንዘብን ያባክናል፣ ጤነኛውንም ክፍል ያውካል።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተቋቋመባት ባሕር ዳር፣ ለመካኒክነት ሙያ እንግዳ አይደለችም። ከትምህርት ቤት የወጣውን ቴክኒሽያንና ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ቢዬላ እያለ በጣሊያንኛ ውርስ ቃላት ሙያውን የተማረውን የጋራዥ ሠራተኛ የሚያስማማ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ከመፍታት በፊት መጠየቅ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዘይት አለ ወይ የሚል ነው። ዘይቱ ከጎደለ ሌላው ምርመራ ሁሉ ይቆያል። ቀጥሎ ድምፁ በእርግጥ ከሞተሩ መምጣቱ ይጣራል። ሞተሩ ጠፍቶ ብስክሌቱ ቁልቁል ሲንከባለል ድምፁ ካልተቋረጠ፣ ተጠርጣሪው ካቴናው ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። የላላ ቡሎንም ትልቅ ብልሽት መስሎ ይንኳኳል። ማርሚታው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጋዝ ካስተነፈሰ ደግሞ የቫልቮላ ድምፅ ይመስላል፤ ነገር ግን በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ትቶ ራሱን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጊዜን ይመለከታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ ያረጀውን የሲሊንደር ግድግዳ ሲመታ የሚሰማ ነው፤ ፒስተኑ በሙቀት ሲሰፋ ክፍተቱ ይጠባልና። በአንጻሩ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን የሚበረታ ድምፅ የከፋ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ምቱ ነው። በባለ አራት ስትሮክ ሞተር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ በጋራዥ አጠራር ኮሎ የሚባለው ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሲዞር ከኮሎው ወገን የሚመጣው ምት በሰከንድ 20 ሲሆን፣ ከአንድ ቫልቮላ የሚመጣው 10 ብቻ ነው። ጆሮ ባይቆጥረውም ፈጣኑን ከዘገምተኛው ይለያል። ረጅም ካቻቪቴ በሞተሩ አካል ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ማስደገፍም የድምፁን ምንጭ ያቀርባል። በዚህ ላይ ዝምታ ሁልጊዜ ጤና አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ክፍተቱ ከልክ በላይ የጠበበ ቫልቮላ ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል።

አራተኛው ጥያቄ ሸክምን ይመለከታል። ፍሪሲዮኑ ሲያዝ ድምፁ ከተለወጠ ምርመራው ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ማርሹ ያመራል። የቤዛዊትን ኮረብታ ሲወጣ የሚከብድ ጥልቅ ምት ከሆነ ግን የቢዬላው የታችኛው ኩሽኔታ ይጠረጠራል።

ከፍታም ምስክርነቱን ይሰጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። ይህን የሰማ መካኒክ ፒስተን ከመወንጀሉ በፊት ካንዴላውንና በአቧራ የታፈነውን የአየር ማጣሪያ ይመልከት። በአንጻሩ ለባሕር ዳር አየር ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር፣ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የዓባይ በረሃ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ከሸለቆው ግርጌ ሽቅብ ሲወጣም ከመጠን በላይ ሊሞቅና በብረት ላይ ጠጠር እንደሚፈስ ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። አንዱ ሞተር በሁለት ስፍራ ሁለት ድምፅ ማሰማቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከድምፆች ሁሉ አንዱ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ከሞተሩ ሥር የሚመጣ፣ ሲሞቅና ሲሸከም የሚብስ ጥልቅ ምት ሲሰማ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ቢዬላው ከተጣበቀ የኋላ ጎማው በድንገት ተቆልፎ ነጂውን ይጥላል፤ በዚያች ቅጽበት ነጂውን የሚያድነው ፍሪሲዮኑን መያዙ ነው። ባለንብረቱ የቀረችውን መንገድ ልጨርስ ቢል፣ መካኒኩ ሊያስደስተው ብሎ እሺ ማለት አይገባውም። ቡሎን በማጥበቅ የሚድነውን ሞተር ሳይፈቱ የሚመልሱ እጆች፣ አደገኛውንም ሞተር ከመንገድ ለማስቀረት ድፍረት ሊኖራቸው ይገባል።