ከባትሪ ወደ መብራት፦ ቀላል ኢንቨርተርና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ





የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው አጥቢያዎች የፀሐይ ኃይል በባትሪ ይጠራቀማል። ባትሪው የሚሰጠውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች እየተፈራረቁ፣ እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ትራንስፎርመሩ ሁለት ጎኖች ይልካሉ፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቴጁን ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ባንድ ቅጽበት ከተከፈቱ ግን ኮንታክት ይፈጠራል፤ ስለዚህ በመካከላቸው አጭር ዕረፍት እንዲኖር ተደርጎ ይሠራል።

ከዚህ መሣሪያ የሚወጣው ሞገድ አራት ማዕዘን ነው። ለተራ አምፖል ይበቃል፤ የማቀዝቀዣን ሞተር ግን ያግላል፣ በድምፅ ማጉያም ላይ የሚረብሽ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ስትገዙ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

220 ዋት ስንጠቀም ከባትሪው ከ18 አምፔር በላይ ይሳባል፤ ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ገመዱ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይግባ። ባትሪውና ኢንቨርተሩ ከዕቃ ቤቱ ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ስፍራ እንዲቀመጡ እንመክራለን። የፊውዝ ዋጋ ጥቂት ነው፤ በእሳት የጠፋ የብራና መጽሐፍ ግን በገንዘብ አይተካም።