ጧፍ በቤታችን

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ጧፍ መሥራት ለመጀመር ላሰበ ሰው ዛሬ ከሰሙ እንነሳ። ጠጅ ጥለው ሰፈፉን የሚደፉ ቤቶች አሉ፤ እኔን ያንገበግበኛል።

እሱ፦ ጀማሪው ሰፈፉን ምን ያድርገው?

እሷ፦ ከውኃ ጋር አፍልቶ፣ ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ ያጥልለው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር አተላ በቢላዋ ፍቆ ይጣለው።

እሱ፦ እዚህ ላይ ልግባ። የጠራውን ሰም በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አደገኛ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ይቀጣጠላል። ሰም በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እሱም ይበቃል። ሰሙን በጣሳ አድርጎ የፈላ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

እሷ፦ ልክ ነህ። ፈትሉስ? ከወፈረ ይጨሳል፣ ከቀጠነ የቀለጠው ሰም ያጠፋዋል። የእጅ ፈትል ደርቦ ማክረር ነው። ከዚያ ሰሙ ውስጥ ነክሮ ማውጣት፣ ለብ እንዳለ ጎትቶ ማቅናት፣ ሲረጋ እንደገና መንከር፤ በመጨረሻም ሳንቃ ላይ ማንከባለል። የመጀመሪያው ንክር ሸካራ ቢሆን አትደንግጡ።

እሱ፦ ገበያ ላይ ፓራፊን የተቀላቀለበትም አለ።

እሷ፦ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጧፍ ሲሆንማ ያሳዝናል! ንጹሕ ሰም በጣት ሲታሽ ይለዝባል፣ ማር ማር ይሸታል። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ ማር ሲቆረጥ፣ ከንብ አናቢው እጅ በቀጥታ ግዙ።