መቀጮ ብንደበቅ አይጠፋም
የከሚሴና የአካባቢዋ ወጣቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ!
እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፈላጊ ነኝ፤ ኪስ ባዶ ሲሆን መቀጮ እንዴት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ግን ስልክ አጥፍቶ መጥፋት አያዋጣም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ፣ ያልተከፈለ መቀጮ ከንብረት ላይ ሊወሰድ፣ ካልሆነም ወደ ግዴታ ሥራ ሊለወጥ ይችላል።
ያው ሕግ በር አልዘጋብንም። መቀጮ ሲወሰን የተቀጪው ኑሮና ገቢ ይታያል፤ የመክፈያ ጊዜ መስጠት፣ ከፋፍሎ ማስከፈልም ይቻላል። ይሄ ግን ቀርቦ ለሚያስረዳ ነው። መክሰስ ፈልጎ የዳኝነት ክፍያ ያጣ ሰው ደግሞ በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል።
ቋንቋም ሰበብ አይሁን፤ በዞናችን ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ማስረዳት ይቻላል።
እናም ወገን፣ የቸገረው ጓደኛ ካላችሁ አትደብቁት፤ ይዛችሁት ሂዱ። ስትከፍሉም ደረሰኙን አትጣሉ!