ከመጋረጃው በስተጀርባ ስንት ደቂቃ?

(በተማሪዎች የክርክር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። መራጭ ድምፁን ሊሰጥ ከመጋረጃው ውስጥ ሲገባ ስንት ደቂቃ ሊቆይ ይገባዋል? ከመካከላችን «ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሐሳቡን ከቤቱ ቈርጦ ይምጣ» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አስቀድመን ክፍሉ ለምን እንደ ተሠራ እንድናስብ እለምናችኋለሁ።

በእንግሊዝ አገር እስከ 1872 ድረስ (ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ) መራጩ የመረጠውን ሰው በአደባባይ ይናገር ነበር። ባለመሬቱም ጭሰኛው ማንን እንደ መረጠ ያውቃል፤ ካልወደደው ከመሬቱ ያስነቅለዋል። የምሥጢር ድምፅ በ1856 በአውስትራሊያ፥ በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ ተጀምሮ በ1872 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እንግዲህ ክፍሉ የተሠራው ደካማው ከኃይለኛው ዓይን እንዲሰወር ነው። አስመራጩ በየደቂቃው መጋረጃውን እየገለጠ «ጨርስ!» የሚል ከሆነ፥ በአንዱ በር ያስወጣነውን ፍርሃት በሌላው በር መለስነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ውጭ ቆሞ የሚጠብቀውም መብት አለው። የቀን ሠራተኛ ሰልፉ ረዝሞበት ወደ ሥራው ቢመለስ ድምፁን ተነጠቀ። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክረዋል። የእንግሊዝ ደንብ ደቂቃ አይቈጥርም፤ መራጩ ያለ አግባብ እንዳይዘገይ ብቻ ያዛል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሕግ ግን እስከ 10 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ሌላ መራጭ የማይጉላላ ከሆነ ከዚያም በላይ መቈየት ይቻላል። በዚህ ሕግ ሰዓቱን የሚያስቈጥረው ተራውን የሚጠብቀው ሰው እንጂ የአስመራጩ ትዕግሥት ማጣት አይደለም።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በካሊፎርኒያ ምርጫው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፥ ማለት 780 ደቂቃ ይቈያል። እያንዳንዱ መራጭ 10 ደቂቃ ቢወስድ በአንድ ክፍል 78 ሰው ይመርጣል። ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ብንቀንስ 156 ይሆናል። ጊዜውን ሳንነካ ሁለተኛ ክፍል ብንጨምርም ያው 156 ነው! አንድ ጠረጴዛና አንድ መጋረጃ የሚያደርጉትን ሥራ ስለ ምን ከመራጩ ጊዜ ላይ እንቈርጣለን?

ቀስ ብሎ የሚያነበውንም እናስብ። በ1982 የተሻሻለው የአሜሪካ የምርጫ መብት ሕግ፥ ዓይነ ስውር፥ አካለ ስንኩል ወይም ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ፈቅዷል፤ አሠሪው ብቻ፥ የማኅበሩም ወኪል ረዳት ሊሆኑ አይችሉም። ታዲያ ጽሑፉን አንዱ እያነበበ ሌላው እየሰማ ሁለት ደቂቃ ምን ትበቃለች? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በጥድፊያ የተሰጠ ድምፅም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ምርጫ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የእጩዎቹ ስም ዝርዝር ከምርጫው ቀን አስቀድሞ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ክፍሎቹ በመራጮች ቍጥር ልክ ይዘጋጁ። የደቂቃ ገደብም ቢወጣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ብቻ ይሥራ። ይህን ሁሉ አድርገን ሰልፉ ቢረዝም ግን መዝጊያው ሰዓት ሳይደርስ የተሰለፈ ሁሉ ይምረጥ።