9,329 ድምፅ
(አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በተደረገ የወገኖች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የቅዳሜ ምሽታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ታክሲውን ውጭ አቁሞ የገባ ወንድም እንዳለ ስለማውቅ ነገሬን አላስረዝምም።

የማወራችሁ ስለዚሁ ስለምንኖርበት ግዛት ምርጫ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ2006 የቨርጂኒያ ሴናተር ጆርጅ አለን ነበሩ። ቀድሞ የግዛቲቱ ገዥ የነበሩ፣ በ2000 ቻርልስ ሮብን አሸንፈው ሴኔት የገቡ፣ ለፕሬዚዳንትነት ሳይቀር ስማቸው ይነሳ የነበረ ሪፐብሊካን። ከወንበራቸው ይነሳሉ ብሎ የገመተ ብዙ አልነበረም። የተነሱባቸው ጂም ዌብ ደግሞ ቬትናም የተዋጉ፣ በሬጋን ዘመን የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበሩ፣ የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው ለዴሞክራቶች የቀረቡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኢራቅ ዘምቶ ስለነበር የእሱን የጦር ጫማ ተጫምተው ነበር የሚቀሰቅሱት።

ኦገስት 11 ቀን ሴናተሩ ብሬክስ በምትባል ቦታ ንግግር ሲያደርጉ፣ ከዌብ ወገን መጥቶ በቪዲዮ ይቀርጻቸው ወደነበረ የህንድ ዝርያ ያለው ወጣት እያመለከቱ «ማካካ» አሉት። ሁለት ጊዜ። ቃሉ ከጦጣ ስም ጋር የተያያዘ ነው። አስከትለውም ወደ አሜሪካ እንኳን ደህና መጣህ አሉት። ልጁ የተወለደው ግን እዚሁ ቨርጂኒያ ነው! ሴናተሩ ኋላ ይቅርታ ቢጠይቁም ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር። እዚህ ልጆች የወለድን ሰዎች ያን ቀን ምን እንደተሰማን መናገር አያስፈልገኝም።

ኖቬምበር 7 ቀን ማታ አለን ሲመሩ አመሹ። የሰሜን ቨርጂኒያ ቆጠራ ሲደርስ ዌብ አለፏቸው። ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ልዩነቱ 9,329 ሆነ። ግዛቲቱ ከሁለት ሺህ በላይ የምርጫ ጣቢያ ስላላት፣ ለአንድ ጣቢያ ቢካፈል አምስት ሰው እንኳ አይሞላም። ሕጉ ድጋሚ ቆጠራ ይፈቅድላቸው ነበር። አለን ግን ኖቬምበር 9 ቀን ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፤ ሴኔቱም 51 ለ49 ሆኖ ተገለበጠ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ያኔ ዜግነት ካገኘሁ ዓመት አልፎኛል። መሐላውን ፈጽሜ ስወጣ የተሰጠኝን የመራጭ መመዝገቢያ ቅጽ መኪናዬ ውስጥ፣ ከፓርኪንግ ቅጣት ወረቀቶች ሥር ከትቼው ቀረ። በዚያ ዓመት ዋሽንግተን ላይ ከተደረጉት ሰልፎቻችን አንድም አላመለጠኝም። ቡና ቤት ተቀምጬ ስለ ዌብ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስከራከር አንድ ወዳጄ «ለመሆኑ አንተ ተመዝግበሃል?» አለኝ። ምዝገባው ተዘግቶ ነበር።

ትምህርት ወሰድኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ኦክቶበር 2 ቀን 2007 ስለ ኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት የተረቀቀው ኤች አር 2003 በታችኛው ምክር ቤት አለፈ። ሴኔቱን እንዲያግዘን ደብዳቤ ይዘን አንድ ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ወጣት በትሕትና አዳመጠንና «ስንቶቻችሁ እዚህ ግዛት ውስጥ ተመዝግባችኋል?» አለ። አምስት ነበርን። ሁለት እጅ ወጣ። የኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ረቂቁ ሴኔት ውስጥ ቀረ። እኛ ብንመዘገብ ኖሮ ያልፍ ነበር አልልም፤ ማጋነን ይሆናል። ግን በምርጫ 97 አዲስ አበባ ላይ እናቴ ገና ሳይነጋ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ነው ድምጿን የሰጠችው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ተኩስ በሌለበት አገር አንድ ቅጽ ለመሙላት እስክሪብቶ ማንሳት አቃተኝ። ይህን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ ምርጫ አለ። ከ2022 ጀምሮ በምርጫው ዕለትም መመዝገብ ይቻላል፤ ሆኖም ድምፁ ተጣርቶ ነው የሚቆጠር፤ ስለዚህ ቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ግን አደራ፣ እንዳትፈርሙ፤ የተፈቀደው ለዜጋ ነው፣ ከባድ ጣጣ ያመጣባችኋል። ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ።