የደበዘዘውን አትጣሉ
(በአሶሳ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ፣ አንድ የእሽቅድምድም መኪና ሲከንፍ ፎቶግራፍ አነሣ። በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ጠባብ ክፍተት ከዳር እስከ ዳር እስኪያልፍ መኪናው ስለ ሮጠ፣ ጎማው ወደ ፊት አዘንብሎ ታየ። ካሜራውን መኪናውን ተከትሎ ስላዞረም፣ የቆሙት ተመልካቾች ወደ ኋላ አጋደሉ። የተበላሸ ቢመስለውም አልጣለውም፤ ዛሬ በእጅጉ ከታወቁት የእሽቅድምድም ፎቶግራፎች አንዱ ነው።

በአገራችንም በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በሲድሊ መኪና አዲስ አበባ ገባ፤ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም ብዙ ሳይቆይ በናኬ መኪና ተከተለው። የመኪና መንገድ ባልነበረበት ዘመን ይህን እሽቅድምድም ብንለው ማጋነን አይሆንም። የባለ መኪናዎቹ ስም ተጽፎ ቀርቶአል፤ መኪናውን እየጎተቱ ከአቀበቱ ያወጡትን ሰዎች በስም የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን?

እኛም ዘንድ በነቀምቴ፣ በመንዲና በባምባሲ አልፈው አሶሳ የደረሱ የቀድሞ የጭነት መኪናዎች ፎቶግራፍ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አደራዬ ሁለት ነው። የደበዘዘውን አትጣሉ። ሽማግሌዎቻችንም በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ፣ የነጂውን ብቻ ሳይሆን የረዳቱንና መኪናውን ከጭቃ ያወጡትን ሰዎች ስም በፎቶግራፉ ጀርባ ጻፉ። ቀለም ውሎ አድሮ ወደ ፊት ገጹ ያልፋልና፣ በለስላሳ እርሳስ ይሁን።