አበባን ማዘጋጀት እንደ ሙያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ድልድይ ሲናገር የሚደነቅ የለም፤ ስለ አበባ ሲናገር ግን «ምን አገባው?» መባሉ አይቀርም። የሚያገባኝ በታናሽ እኅቴ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ፈጽማ «የአበባ ዝግጅት ሙያ እማራለሁ» ባለች ጊዜ ከቤተ ሰቡ ሁሉ አብልጬ የተቃወምኋት እኔ ነበርሁ። «አበባ ማሰር ደግሞ ትምህርት ይፈልጋልን?» አልኋት። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ያን ቃሌን ለማረም ነው።

እኅቴ የሦስት ወር ትምህርቷን ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ይዛ በየሱቁ ዞረች። ሁሉም «የሠራሽውን አሳዪን» አሏት እንጂ ወረቀቱን የተመለከተ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ያለ ደመወዝ እንድትለማመድ ፈቀደላት፤ ስድስት ወር ሙሉ የታክሲዋን ሒሳብ የከፈለች እናታችን ናት።

አንድ ቀን ሄጄ ሥራዋን አየሁ። የጽጌረዳውን ግንድ በስለታም ቢላዋ በሰያፍ ቆርጣ ወዲያው ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ ግንዱ አየር ከሳበ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘጉና ውሃው ወደ ላይ መውጣቱን ያቆማል አለችኝ። ውሃ የሚነካቸውን ቅጠሎች የምትለቅመው በስብሰው ባክቴሪያ እንዳያራቡ ነው። አበባውን ከበሰለ ሙዝ የምታርቀውም፥ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ፈጥኖ ስለሚያስረጅ ነው። እኔ በወረቀት የማሰላውን የክብደት ማእከል እርሷ በእጇ ታሰላዋለች።

ይህ ሙያ በሌላው ዓለም የተከበረ ነው። ጃፓኖች ኢኬባና ብለው ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር አስተላልፈውታል። ኮንስታንስ ስፕራይ የተባለችው እንግሊዛዊት በ1929 እ.ኤ.አ. በለንደን የአበባ ሱቅ፥ በ1934 ደግሞ ትምህርት ቤት ከፍታለታለች። አገራችን በሆለታ፥ በሰበታና በዝዋይ የሚበቅለውን ጽጌረዳ ወደ ኔዘርላንድ ትልካለች፤ በአፍሪካም ከኬንያ ቀጥላ ትጠራለች። ዳሩ ግን እኛ የምንሸጠው ዘንጉን ነው፤ እቅፉን አስውቦ ተጨማሪውን ዋጋ የሚያገኘው የባዕድ እጅ ነው።

እኅቴ ዛሬ በሙያዋ ትተዳደራለች። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ ሌሊቱን ትሠራለች፤ በዐቢይ ጾም ግን ሠርግ ስለሌለ ገቢዋ ይነጥፋል። ያን ወራት ያሻገራት በየሳምንቱ አበባ እንድታቀርብ ከሁለት መሥሪያ ቤቶች ጋር የገባችው ውል ነው። ጀማሪ ሁሉ እንደ እርሷ የሠራውን በፎቶግራፍ ይያዝ፤ ከሠርግ ሌላም ቋሚ ደንበኛ ይፈልግ። አሠሪዎች ደግሞ ለተለማማጅ፥ ጥቂትም ቢሆን፥ ይክፈሉ፤ እናት ያላገዘችው ልጅ ስድስት ወር አይዘልቅምና።

ክቡራን ሆይ፥ ስሟ አዲስ አበባ በሆነ ከተማ ተሰብስበን ከፊታችን ያለው ጠረጴዛ ያጌጠው በፕላስቲክ አበባ ነው። ለሚመጣው ዓመት ስብሰባችን ትኩስ አበባ በአንድ ጀማሪ ባለሙያ እጅ ይዘጋጅልን፤ ዋጋውንም ሳንከራከር እንክፈል።